አንድ ጆሮ ቀርቷል

ለተብርሃን መሞቷን የሰማሁት ገርጂ፣ ፀጉር ቤት ወንበር ላይ ሆኜ ነው። ጢሜ ግማሹ ተላጭቷል፣ ግማሹ ገና አረፋ ውስጥ ነው። ጌቱ ተራ ሊይዝ ገባ። ጌቱ ሹፌር ነው፤ ለተብርሃንንና እኔን ከበረት ወደ በረት በፒካፕ ያመላልሰን የነበረ ልጅ። በመስታወቱ ውስጥ ተያየንና ፊቱ ልውጥ አለ።

«ጋሼ ተሰማ፣ ቀብሩ ላይ ሳጣዎት ጊዜ አሞዎት ይሆናል ብዬ ነበር» አለኝ።

የማን ቀብር አልኩት። ኮፍያውን አወለቀ፣ እጁ ውስጥ አጣጠፈው፣ ከዚያ ስሟን ጠራ። ጉበቷን ነው አሉ። ሆስፒታል የገባችው ለሥራ ጓደኞቿ እንኳ ሳትናገር ነው፤ ብዙም አልቆየች። የቀበሯት ባለፈው ሳምንት ነው። ሁሉም ሌላው ነግሮታል ብሎ ሲያስብ እኔ ሳልሰማ ቀረሁ።

ከወንበሩ ተነሣሁ። ፀጉር ቆራጩ «አባባ፣ ግማሽዎ ይቀራል እኮ፣ አረፍ ይበሉ» ቢለኝም ማረፍ የሚባል ነገር ከውስጤ ወጥቶ ሄዷል። አረፋውን በፎጣው ጠረግሁና ወጣሁ። እኔ በተፈጥሮዬ ዝግተኛ ነኝ፤ መንገድ ስሻገር መኪናው ሁሉ እስኪያልፍ የምጠብቅ ሰው። ያን ቀን ግን እግሬ የኔ እግር አልነበረም። ወዴት እንደሚወስደኝ ሳልጠይቀው ወደ አስካለ ቤት ይዞኝ ወረደ። ይህን ነገር ከሰፈሩ ሰው ሁሉ በፊት መስማት ያለባት አስካለ ናት። ለምን እንደሆነ ለመናገር ከላሞቹ መጀመር አለብኝ።

ከተማ መሃል ላም አለ ወይ የሚል ሰው ካለ፣ ከገርጂ አስፋልት ይውረድና ከፎቆቹ ጀርባ ወደ ወንዙ ይሂድ። በቆርቆሮ አጥር ውስጥ፣ አንድ ሳሎን በሚያህል ግቢ፣ ሰው ከላሙ ጋር ይኖራል። ጠዋት ወተቱ በጄሪካን ሆኖ በታክሲ ወደ አትላስ ይወጣል፤ እዚያ ካፌ ተቀምጦ ማኪያቶ የሚጠጣው ሰው ከየት እንደመጣለት አያውቅም። እኔም ድሮ ላሞች ነበሩኝ። አሁን የሉኝም። ትምህርቴም ፊደል ቆጥሬ ዳዊት ደግሜ እዚያው ላይ የቆመ ነው። ላም መያዝ ግን እችላለሁ። ለሌላው የምትራገጥ ላም እኔ አንገቷን ሳቅፋት ትረጋለች፤ ምናልባት ስለማልቸኩል ይሆናል። በዚህ ምክንያት የእንስሳት ጤና ሰዎች ወደ ሰፈራችን ሲመጡ ያዥ አድርገው ቀጠሩኝ።

የመጡት ላሞቹ መጨንገፍ ስለጀመሩ ነው። ዛሬ የእገሌ ላም ጣለች ይባላል፣ ብዙም ሳይቆይ የጎረቤቱ ትጥላለች። ጥጃ ከሌለ ወተት የለም፤ ወተት ከሌለ ደግሞ እዚያ ሰፈር ምንም የለም። እንዳስረዱን ከሆነ በሽታው ተሸካሚ አለው። አንዲት ከብት ገና በእናቷ ሆድ ሳለች ይይዛትና እንደያዛት ተወልዳ ታድጋለች። እሷን ምንም አይላትም፤ ትበላለች፣ ትቦርቃለች። ትንፋሿ የደረሰባትን እርጉዝ ሁሉ ግን ታስጥላለች። እንዲህ ያለችዋን የሚያድን መድኃኒት የለም። ፈልጎ ማግኘትና ከሌሎቹ መሃል ማውጣት ብቻ ነው፤ ማውጣት ማለት ለቄራ መስጠት ነው። እሷን ለማግኘት ታዲያ በሰፈሩ ያለ የከብት ጆሮ ሁሉ ቁጥር ይደረግበት፣ ከእያንዳንዱም ጆሮ ቅንጣት ሥጋ ተወስዶ ይመርመር ተባለ።

ሥራው በአንድ ምት ያልቃል። አንድ ትልቅ ፒንሳ አለ። ጆሮውን አስገብቶ ጠቅ ሲያደርጉት ቢጫው ቁጥር ጆሮው ላይ ይቀራል፤ ምስር የምታህል ቁራጭ ደግሞ በዚያው ምት ብልቃጥ ውስጥ ትገባለች። ጆሮውና ብልቃጡ አንድ ዓይነት ቁጥር አላቸው። ፒንሳውን የምትይዘው ለተብርሃን ነበረች።

ቀጭን፣ ረዘም ያለች፣ አርባዎቹን ያጋመሰች ሴት ናት። ትውልዷ ትግራይ ነው፤ ከእህቷ ጋር የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ትኖር ነበር። እንደሷ ያለ የማይቀመጥ ሰው በዕድሜዬ አላየሁም። ሻይ ቆማ ነው የምትጠጣው፤ መቆም ብቻ መስሏችሁ፤ ብርጭቆውን ይዛ ከሻይ ቤቱ በር እስከ መንገዱ ትመላለሳለች። ባለ ሻይ ቤቷ ብርጭቆዬን ይዘሽ የካ አባዶ እንዳትገቢ ትላት ነበር። ታክሲ መገናኛ ላይ ሲጨናነቅ ትወርድና በእግሯ ትመጣለች። እኔ ከዚያው ሰፈር ተነሥቼ ስደርስ እሷ ቀድማኝ፣ ቦት ጫማዋን አጥልቃ፣ ፒንሳውን እያንቀጫቀጨች ትጠብቀኛለች። አንዱን ጆሮ ሳትጨርስ «ቀጣዩ ጆሮ የታለ?» ማለት ልማዷ ነው። አንድ ቀን ምን ያስሮጥሻል፣ እስቲ ለአፍታ ቁጭ በይ ብላት፣ ቁጭ ካልኩ እግሬ ይቆጣኛል አለችኝ። ከዚያ ሌላ ምክንያት ካላትም አልነገረችኝም።

እጇ ግን፣ ምን ልበላችሁ፣ ጆሮ ላይ ሲያርፍ ሌላ እጅ ይሆናል። ጆሮውን ወደ ብርሃን ትዘረጋዋለች፤ ደም ሥሮቹ እንደ ቅጠል ሥር ይታያሉ። በሁለቱ መሃል ያለውን ባዶ ቦታ ትፈልጋለች። በዚያች ቅጽበት ትንፋሿ እንኳ አይሰማም። ከዚያ ለላሟ «ኣጆኺ» ትላታለች፣ በትግርኛ አይዞሽ ማለት ነው። ጠቅ። ላሟ ጭንቅላቷን አንዴ ነቅነቅ አድርጋ ወደ ፍሩሽካዋ ትመለሳለች። እሷም ወደ ሩጫዋ።

ሰፈሩ ውስጥ ስሟ ጆሮ ወጊዋ ሆነ። አንዲት ወተት የምታመላልስ ጨዋታ ወዳድ ሴት በየበረቱ እየተከተለች፣ እኔንም ውጊኝ፣ ሁለተኛ ቀዳዳ አምሮኛል ትላት ነበር። ለተብርሃን እንዳጎነበሰች፣ እወጋሻለሁ፣ ግን ቢጫ ቁጥር ታንጠለጥያለሽ፣ ባልሽም ከሩቅ ይለይሻል አለቻት። ግቢው ሁሉ ሳቀ።

ሁሉም ግን በሳቅ አልተቀበላትም። ሰው የገዛ ፀጉሩንና ጥፍሩን ለማያውቀው ሰው የማይተውበት ሰፈር ነው፤ መተት ይሠሩበታል ብሎ ይፈራል። የላሙን ሥጋ በብልቃጥ አድርጎ የሚወስድ እንግዳ ሲመጣ ምን ሊሰማው እንደሚችል አስቡት። አንዱ ሽማግሌ በሩ ላይ ቆሞ፣ ከቁም ከብት ቆርጠሽ ወዴት ነው የምትወስጂው፣ ማን ዘንድ ነው የምታስደግሚበት አላት። አብረውን ያሉት ሊቆጡ ቃጣቸው። እሷ ግን ባዶውን ብልቃጥ ሰጠችው። እርስዎ ይያዙት፣ ቁራጩ ሲገባ ያዩታል፣ ክዳኑን እርስዎ ይዘጉታል፣ ሳጥኑ ውስጥም እርስዎ በእጅዎ ያስቀምጡታል አለችው። ሰውዬው ብልቃጡን እንደ እንቁላል ይዞ ቆመ። ከዚያ ቀን ወዲህ በየበረቱ እንዲሁ ሆነ፤ ለተብርሃን ትመታለች፣ እኔ እይዛለሁ፣ ባለቤቱ ይከድናል። በዚህ አሠራር እምቢ ያለን ሰው አልነበረም፤ ወይም የለም ብለን አሰብን።

ውጤቱ መጣ። ተሸካሚ የለም ተባለ፤ ሁሉም ንጹሕ። ኃላፊያችን የነበረው ወጣቱ ዶክተር ጥሩ ሰው ነው፣ እንኳን ደስ ያላችሁ ብሎ ሻይ ጋበዘንና ፒካፑ ወደ ሌላ ክፍለ ከተማ እንደሚሄድ ነገረን። ለተብርሃን ብርጭቆዋን ይዛ እንደለመደችው ትመላለሳለች።

«አንድ ጆሮ ቀርቷል» አለችው።

የት ነው ያለው ብሎ ጠየቃት።

«እሱን ባውቅማ እዚህ ሻይ እጠጣለሁ?»

በዚያው ሳምንት ንጹሕ ከተባሉት መሃል አንዷ ጣለች። ቀጥሎ ሌላ። ከጣሉት አንዷ ቦራ የምትባለው የአስካለ ላም ነበረች። ዶክተሩ ልመለስ ቢልም መኪናና ሰው አልነበረውም። ለተብርሃን የዓመት ፈቃዷን ጠየቀች። ሰው ፈቃድ ወጥቶ አገሩ ይገባል፣ ይተኛል፤ እሷ በፈቃዷ በየማለዳው ከየካ አባዶ ሁለት ታክሲ ይዛ ገርጂ ትመጣ ጀመር። ስልኬ ይጮሃል። «ጋሼ፣ ወጡ?» ገና ጫማዬን እየፈለግሁ ነኝ። «እኔ ደርሻለሁ» ትለኛለች።

በየግቢው ዞርን። የቀረ ከብት አለ ወይ፣ አዲስ የተገዛ አለ ወይ፣ ለዘመድ የተላከ አለ ወይ። ቁጥር ያለውን ጆሮ ሁሉ እንደገና አየን። ሰዎቹ ሰለቹን። አንዷ ደግሞ ጆሮ ወጊዋ መጣች፣ ድመቷን ደብቂ ብላ ለልጇ ስትናገር ሰማን። ለተብርሃን በሳቅ አለፈቻት፤ መንገድ ላይ ስንወጣ ግን ጥርሷን ነክሳ ነበር የምትራመደው። በሄድንበት ሁሉ የላሞቹን ሆድ መግፋት እየተመለከተች የእርጉዞቹን ስም ትጠራልኛለች። ይቺ ቀጥላ ትጥላለች ጋሼ፣ ያቺኛዋም ትከተላለች ትላለች። እኔ ዝግ ብለሽ ሂጂ ስላት፣ በሽታው ዝግ ቢል እኔም ዝግ እላለሁ አለችኝ።

አስካለ ቤት የገባነው በዚያ መሃል ነው። አስካለ የዕድሜ እኩያዬ፣ የረጅም ጊዜ ጎረቤቴ ናት። ምላሷ ስለት ነው፣ እጇ ግን ቸር ነው። ሁለት ላም ነበራት፣ ቦራና አንዲት አሮጊት፤ ሁለቱም ቁጥር አላቸው፣ ሁለቱም ንጹሕ። ለተብርሃን እንደ ሁልጊዜው ሳሎኑ መሃል ቆመች።

«ቁጭ አትይም? ወንበሬ እሾህ አለው?» አለቻት አስካለ።

ለተብርሃን ልትመልስ አፏን ስትከፍት፣ ከመኝታ ቤቱ መጋረጃ በስተጀርባ እንቧ የሚል ድምፅ መጣ። ወፍራም፣ ረጅም፣ ምንም የማያጠራጥር።

«ቴሌቪዥኑ ነው» አለች አስካለ፣ ፊቷ ሳይለወጥ።

ለተብርሃን ወደ ጣሪያው አምፖል ቀና አለች። «እትዬ፣ መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም እኮ።»

ሳቄን በሳል ሸፈንኩት። መጋረጃው ተወዛወዘና ከሥሩ ሰኮና ታየ። አስካለ ከመቀመጫዋ ተነሥታ መጋረጃው ፊት ቆመች፣ ክንዶቿን ዘርግታ። ከዚያ በኋላ የሚያስቅ ነገር አልነበረም።

ጊደሯ ሎሚ ትባላለች። እናቷ ከሌላ ሰፈር እርጉዝ ሆና የተገዛች ነበረች፣ ሎሚን ወልዳ ሞተች። አስካለ በጡጦ አሳደገቻት። ቆንጆ ሆና ስታድግባት የሰው ዓይን ፈራች፤ ሰው አይቶ እህ ካለ ጊደሯ ትደርቃለች ብላ። ከብት ልንቆጥር ስንመጣ መኝታ ቤት አስገባቻት። ማለዳ፣ ሰው ሳይነሣ፣ ወንዙ ዳር ሣር አብልታ ትመልሳታለች። ያንኑ ሣር የሰፈሩ እርጉዝ ላሞች ኋላ ይግጡታል። ቦራ ስትጥል ደግሞ አስካለ ይሄው፣ ዓይን ነው አለች። ቦራን በግልጽ ስላሳየሁ ጣለች፣ ይቺን ግን ሰው አያያትም ብላ የቤቱን መስኮት ሳይቀር በብርድ ልብስ ዘጋች። ጎረቤቶቿ ሲጨነግፍባቸው ጊደሯን ይበልጥ ታቅፋት ነበር።

ለተብርሃን ቢጠረጠርም ገና አልታወቀም፣ ምናልባት ንጹሕ ትሆናለች፣ ጆሮዋን ብቻ ልንካ ብላ ለመነቻት። አስካለ አንገቷን ነቀነቀች።

«ለዚህ ሁሉ ሰው ያሳየኋቸው ምን ሆኑ? አታያትም አልኩ። እሷ ከሄደች እኔ ምን ቀረኝ?»

እኔ ይህ ነገር በቀበሌ ያልቃል፣ ፖሊስም ይመጣል ብዬ ፈራሁ። ለተብርሃን ግን አልተከራከረችም። ዓይን የለም፣ ተረት ነው አላለችም። የአንገት ልብሷን ፈታች፣ ሁለት ጊዜ አጠፈችና በዓይኗ ላይ አሰረችው። ጠበቅ አድርጋ፣ ከኋላ ቋጥራ።

«በሉ አላያትም» አለች። «ጋሼ ይምሩኝ።»

አስካለ እኔን አየችኝ። እኔ ድሮም አውቃታለሁ፣ የኔን ዓይን አልፈራችም። መጋረጃውን ገለጥ አደረገች።

ለተብርሃንን ክርኗን ይዤ አስገባኋት። አልጋው ወደ ግድግዳ ተገፍቷል፣ ወለሉ ላይ ድርቆሽ ተነጥፏል፣ ቁም ሣጥኑ ላይ ያለው መስታወት በነጠላ ተሸፍኗል፤ ጊደሯ ራሷን እንኳ እንዳታይ ይሆን አላውቅም። የሎሚን አንገት አቀፍኩ። በሽታ የሚባል ያልነካት የምትመስል፣ የምታበራ ጊደር ነበረች፤ ከዚህ በላይ አልናገርም። ለተብርሃን በእጇ ዳበሰች፣ ግንባሯን አገኘች፣ ቀንዷን አገኘች፣ ጆሮዋ ላይ ደረሰች። ብርሃን የላት፣ ዓይን የላት። ጆሮውን በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መሃል አሸት አሸት እያደረገች የደም ሥሩን ምት ፈለገች። ረጅም ጊዜ ወሰደባት። ያቺ ለአንድ ሻይ የማትቆም ሴት እንደ ሐውልት ቆመች። «ኣጆኺ» አለች፣ ድምፅዋ የሚሰማው ለእኔና ለጊደሯ ብቻ ነው። ጠቅ አደረገች። አንዲትም የደም ጠብታ አልወጣችም። አስካለ ብልቃጡን ከደነች፣ ሳጥኑ ውስጥ አስቀመጠች።

ለተብርሃን የዓይኗን ማሰሪያ የፈታችው መንገድ ላይ ከወጣን በኋላ ነው። ቃሏ ቃል ነው። ምን ትመስላለች ጋሼ ብላ ጠየቀችኝ። ደህና ናት አልኳት። ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

ውጤቱን ስንጠብቅ ያሳለፍነውን ቀን እግዜር ይቁጠረው። ትደውላለች፣ ትመጣለች፣ ወንዙ ዳር ትወርዳለች፣ ትመለሳለች። አንድ ጊዜ ምን ቢሆን ነው የምትወጂው ብዬ ጠየቅኋት። ሎሚ ብትሆን በሽታው እዚህ ላይ ያቆማል፣ ሎሚ ባትሆን አስካለ ትተርፋለች፤ ሁለቱንም እፈልጋለሁ ጋሼ፣ ለዚህ ነው ያበድኩት አለችኝ።

ሎሚ ነበረች።

ለተብርሃን አላመነችም፣ ወይም ማመን አልፈለገችም። ተመልሳ ሄደች፣ እንደገና ዓይኗን አሰረች፣ ከሌላኛው ጆሮ ወሰደች። ለአስካለ የመጀመሪያው ተሳስቶ እንዳይሆን ነው አለቻት። ሁለተኛውም ያንኑ ተናገረ።

ዶክተሩ እኔ ሄጄ ልንገራት አለ። ለተብርሃን ጆሮዋን የነካሁት እኔ ነኝ ብላ ከለከለችው። አብሬያት ሄድኩ። አስካለ በር ላይ ስታየን ከፊታችን አነበበችው። ለተብርሃን የአንገት ልብሷን ለመፍታት እጇን ስታነሣ አስካለ ያዘቻት። ወደ ውስጥ ሄደች፣ መጋረጃውን በሁለት እጇ ጎትታ ከነሽቦው ጣለችው።

«በይ አሁን እያት» አለች። «ከእንግዲህ ዓይንሽ ምን ያደርጋታል።»

ለተብርሃን አየቻት። ሎሚ በሁለቱም ጆሮዋ ቢጫ ቁጥር አንጠልጥላ፣ ድርቆሹን እያመነዠከች መልሳ አየቻት። ለተብርሃን ልትናገረው ፈልጋ አልነበረም መሰለኝ፤ ቆንጆ ናት አለች። እኛ ሰፈር እንዲህ ያለ ቃል ስለ ከብት በግልጽ አይባልም። አስካለ ሰማችና ፊቷን አዞረች።

ወደ ቄራ የሚወስዳት አይሱዙ አስፋልቱ ላይ ቆሟል፣ ወደ ግቢው መግባት አይችልም። ገመዱን አስካለ ለእኔ አልሰጠችኝም፣ ለለተብርሃን ሰጠቻት። ያገኘሻት አንቺ ነሽ፣ አንቺ ውሰጃት አለቻት። እኔ ከኋላ ሆኜ ተከተልኩ። ለተብርሃን በዚያ ቀጥ ያለ ዳገት ጊደሯን እየሳበች ስትወጣ ታክሲዎቹ ያጮሁባታል፣ ተማሪዎች ፎቶ ያነሷታል። ለመጀመሪያ ጊዜ ዝግ ብላ ስትሄድ አየኋት። ሎሚ ሣር ባየች ቁጥር ትቆማለች፤ ለተብርሃንም ትቆማለች፣ እስክትጨርስ ትጠብቃታለች። ሹፌሩ ቶሎ በሉ ቢል አልሰማችውም።

ከዚያ ወዲህ አስካለ የለተብርሃንን ስም አልጠራችም። ስልኳን አታነሣላትም፣ ብትመጣ በር አትከፍትላትም። እኔን ግን አላባረረችኝም። ሎሚ ከወጣች በኋላ በሰፈሩ መጀመሪያ የተዳቀለችው ቦራ ሆነች። ስለዚህ የሁሉም ዓይን በቦራ ሆድ ላይ ወደቀ። ቦራ በደህና ከወለደች ሎሚ በከንቱ አልሄደችም። ከጣለች ግን፣ አስካለ እንዳለችው፣ ሁለቱንም ጆሮ ወግተው እንደ ልጅ ያሳደገቻትን የወሰዱባት በከንቱ ነው።

ለተብርሃን በየምሽቱ ትደውልልኝ ጀመር። ሰላምታ የላትም። «ቦራስ?» ትላለች። ትበላለች እላታለሁ። ቆማ ነው ወይስ ተኝታ? ቆማ። ጡቷ አበጠ? ገና ነው። አስካለስ? አስካለ እንዳለች ናት። እሺ ጋሼ ብላ ትዘጋለች። ከጀርባዋ የእርምጃዋ ድምፅ ይሰማኛል፤ ኮንዶሚኒየሙ ውስጥ ከጓዳ ሳሎን ስትመላለስ። ክረምቱ አለፈ፣ በጋው ገባ፣ የቦራ ሆድ ከጎን ወደ ታች ወረደ። እኔ ጠዋት ጠዋት አስካለ አጥር ላይ ተደግፌ አያታለሁ። አስካለ ለማን እንደምሰልል ታውቃለች። አንድ ቀን ባልዲዋን እያጠበች፣ ዛሬ ጡቷ አብጧል ብለህ ንገራት አለችኝ። ለማን አላለችም። ስነግራት የለተብርሃን እርምጃ ቆመ።

ከዚያ በኋላ ስልኩ ቀረ። አንድ ምሽት፣ ሁለት ምሽት፣ ከዚያም ሳምንታት። እኔ ስደውል ይጠራል፣ አይነሣም። ሥራ ርቆባት ነው፣ ክፍለ ሀገር ወጥታ ነው እያልኩ ራሴን ሳባብል ነው እንግዲህ ጌቱ ፀጉር ቤት የገባው።

አስካለ ግቢ ስደርስ በሩ ተከፍቷል። እሷ እጅጌዋን እስከ ክርኗ ሰብስባ፣ እጇ እርጥብ፣ ላብ በግንባሯ ላይ፣ ወደ እኔ መጣች። ፊቷ ላይ ያለውን ነገር ሎሚ ከሄደች ወዲህ አላየሁትም።

«የት ሄደህ ነው ስፈልግህ?» አለችኝ። «ወልዳለች። ቆማለች ጥጃዋ፣ ትጠባለች። በል ደውልላት።»

ስልኬን አወጣሁ። እጄ ላይ ይዤው ቆምኩ።

«ቁጥሯን አጠፋኸው? ደውል እንጂ። ወልዳለች በላት። ካልፈለግህ እኔ ራሴ እነግራታለሁ።»

ነገርኳት። እንዴት እንደነገርኳት አላስታውስም፣ አጭር እንደነበር ግን አውቃለሁ። አስካለ አልጮኸችም። እጇን በቀሚሷ ጠረገች፣ ደጋግማ ጠረገች፣ ደርቆም ጠረገች። ወደ በረቱ ሄደች፣ ከደጃፉ ተመለሰች። አጥሩ ጋ ደረሰች፣ ከዚያም ተመለሰች። እዚያች ጠባብ ግቢ ውስጥ መቆሚያ ያጣች ይመስል ነበር። በመጨረሻ እጇን ዘረጋችልኝ።

«ደውልና ስጠኝ» አለች። «ማንም ያንሣው።»

ደወልኩ። ብዙ ጠራ። ከዚያ የሴት ድምፅ፣ የእህቷ ይመስለኛል፣ በደከመ አንደበት «አቤት» አለ። ስልኩን ለአስካለ ሰጠኋት።

«እኔ አስካለ ነኝ፣ የገርጂዋ» አለች። ቀጥላ እግዜር ያጽናሽ ማለት ነበረባት፣ እኔም እንደዚያ ትላለች ብዬ ጠበቅሁ። አልቻለችም። «ላሚቱ ወልዳለች» አለች።

መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ። አስካለም መሰላት፣ ስልኩን ከጆሮዋ ልታርቅ ስትል ድምፁ ተመለሰ።

«ቦራ?»

«አዎ፣ ቦራ።»

«ወንድ ነው ሴት?»

አስካለ ወደ በረቱ ዞር አለች። ጥጃዋ በአራት እግሯ እየተንገዳገደች የእናቷን ጡት ትፈልጋለች።

«ሴት ናት» አለች።